ለእናትሽ ጉልበት የተላከው «የኮረንቲ ማሽን»

ጥያቄሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይሄ ነው። እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው። ሰባ ደረጃ አካባቢ ትኖራላችሁ፣ እሳቸው እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ። ሁለቱም ጉልበታቸው፣ በተለይ የቀኙ፣ ካመማቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ኤክስሬይ ተነስተው «መገጣጠሚያው ተበልቷል» ተብለዋል። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ኪኒን ከፋርማሲ እየገዙ በቀን ሁለቴ ይውጣሉ። አሁን ወንድምሽ ከአሜሪካ ቴንስ የሚባል ትንሽ ማሽን ላከ፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው ደግሞ «ኮረንቲ ሰውነቴን አላስነካም» ብለዋል። ያድናል ወይ፣ አደጋ አለው ወይ፣ የት ነው የሚለጠፈው፣ ኪኒኑንስ መተው ይችላሉ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር «እኔስ ለወር አበባ ህመም ልጠቀምበት?» ብለሻል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እንደ እናትሽ ያሉ እናቶች በየቀኑ ይመጡብኛል። ያንን ዳገትና ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ዱካ ላይ ተቀምጠው ምጣድ ፊት ያሳለፉ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ማሽኑ ጉልበታቸውን አያድንም። የተበላውን መገጣጠሚያ አይመልስም። የሚያደርገው ህመሙን ለተወሰነ ሰዓት ማቅለል ነው፤ ተለጥፎ እያለና ከተነሳ በኋላ ለትንሽ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ለአንድ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዱ ላይ ገመዱ ሲነቀል ያበቃል። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? ግን በዚያች ሰዓት እናትሽ ጉልበታቸውን ካንቀሳቀሱና የጭን ጡንቻቸውን ካሠሩ፣ ወራት ቆይቶ የሚመጣው ለውጥ ከዚያ ነው የሚመጣው። ማሽኑን ለጥፈው ተኝተው ቴሌቪዥን ካዩ ግን ባትሪው ነው የሚያልቀው።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ። ልጅ ሆነሽ ወድቀሽ ጉልበትሽ ሲላጥ እናትሽ «አይዞሽ» እያሉ ዙሪያውን ያሹልሽ ነበር። ሲያሹት ቀለል ይልሽ ነበር። ያ ማባበል ብቻ አልነበረም። ንክኪንና ንዝረትን የሚሸከሙት ነርቮች ወፍራምና ፈጣን ናቸው። ህመምን የሚሸከሙት ቀጫጭንና ዘገምተኛ ናቸው። ሁለቱም ኅብለ ሰረሰር ላይ ይገናኛሉ፣ እዚያ እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ በወፍራሞቹ በኩል ብዙ መልእክት ሲገባ በሩ ለቀጫጭኖቹ ጠበብ ይላል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ህመም ይቀንሳል። ይህንን ሐሳብ በፈረንጆቹ 1965 ያወጡት ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዎል ከዊሊያም ስዊት ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ ሞከረው፣ መጀመሪያም የሞከሩት በራሳቸው ላይ ነበር። ቴንስ ከዚያ የመጣ ነው። እናትሽ በእጃቸው ያሹት የነበረውን ማሽኑ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ምቶች ያሸዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጫቸው ሞርፊን መሰል ህመም ማስታገሻዎች አሉ፣ ቴንስ እነሱንም ይቀሰቅሳል።

«ኮረንቲ አላስነካም» ያሉትን በሳቅ አትለፊው። የግድግዳው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው፣ ሰው ይገድላል፣ መፍራታቸው ልክ ነው። ይሄኛው ግን የሚሠራው በባትሪ ነው። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው 100 ወይም 200 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ማይክሮ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መጀመሪያ አንቺ ክንድሽ ላይ ለጥፈሽ አሳያቸው። እኔም እንደዚህ ነው የማደርገው፣ የራሴን ክንድ አስቀድሜ። አንዲት እናት ፊታቸውን አዙረው፣ ነጠላቸውን ጥርሳቸው ላይ ይዘው ጀመሩ። ቁጥሩን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። 1፣ 2፣ 3፣ ምንም የለም። 6 ላይ ስደርስ ዞር አሉና «ውይ፣ ይሄማ ተቀምጬበት የደነዘዘ እግሬ ሲለቅ የሚሰማኝ ውርር ማለት ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አልሰማሁም። ልክ እሱ ነው የምትፈልጊው ስሜት፣ ያ ውርር ማለት።

ከማሽኑ በፊት ግን ስለ ኪኒኑ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ስኳርና ግፊት ያለበት የ63 ዓመት ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በየቀኑ ዲክሎፌናክ መዋጥ የለበትም። ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ያቆስላል፣ ለልብም ጥሩ አይደለም። የግፊት መድኃኒታቸው ኢናላፕሪል ከሆነና የሚያሸና ኪኒንም አብረው የሚወስዱ ከሆነ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጫና ይበረታል። ብዙ ሰው «ህመም ማስታገሻ ነው፣ ምን ያደርጋል» ይላል። ያደርጋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደሚከታተላቸው ሐኪም ውሰጃቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ። ክሬቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ ያዙልን በይ። ሰገራቸው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂዱ።

ዲክሎፌናክ በቅባት መልክም አለ። ለጉልበት ብዙ ጊዜ ከኪኒኑ በፊት የሚመከረው ቅባቱ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ሐኪሙን ስለ እሱ ጠይቂው። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን ግን ማሽን መጣ ብለው እንዳይነኩት። አንዳንዱ ሰው «ያለ መድኃኒት» የሚለውን ሲሰማ ሁሉንም ጠርጎ ይጥላል፣ እንዲህ ያደረገ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ቴንስ ሊተካ የሚችለው ቢበዛ ከህመም ማስታገሻው የተወሰነውን ነው።

ማሽኑን ፈጽሞ መጠቀም የሌለበት ማነው? የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን ደረቱ ውስጥ የተተከለለት ሰው። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ነፍሰ ጡር ሆድና ወገቧ ላይ አትለጥፍም። ማንም ሰው አንገቱ ፊት ለፊት፣ ዓይኑ አካባቢ፣ ጭንቅላቱ ላይ፣ ደረቱን አቋርጦ አይለጥፍም። ካንሰር ባለበት ቦታ፣ የደም መርጋት ባለበት እግር፣ ቁስል ባለበት ቆዳ ላይም አይሆንም። ከነዚህ ውስጥ እናትሽ ላይ ያለ ነገር ከሌለ ቀጥዪ።

እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ግን አንድ ፈተና ይቀራል፣ እሱን ሳታደርጊ እንዳትለጥፊ። ስኳር ነርቭ ይጎዳል። የሚጀምረው ከእግር ጣት ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የደነዘዘ ቆዳ ኮረንቲው ሲበዛ አይናገርም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። «አልተሰማኝም፣ ጨምሪ» አሉኝ፣ ጨመርኩ። ደግመው ጨምሪ አሉኝ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ፓዱን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ቁራጭ፣ ሳነሳው ከሥሩ የምስር ክክ የምታህል ቦታ ቀልታ ውሃ ቋጥራለች። እሳቸው ምንም አላመማቸውም፣ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። የስኳር ህመምተኛ እግር ላይ ትንሽ ቁስል ትንሽ አይደለም።

ፈተናው ቀላል ነው። እናትሽ አልጋ ላይ ጋደም ይበሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ጥጥና የጥርስ ስንጥር ያዢ። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ አሳያቸው፣ «ይሄ ጥጥ ነው፣ ይሄ ሹል ነው» ብለሽ፣ ቆዳ ሳትወጊ ነካ ብቻ እያደረግሽ። ከዚያ ጉልበታቸው ዙሪያ፣ ከጉልበቱ ሎሚ (ከፊት ካለው ክብ አጥንት) በላይና በታች፣ በውስጥና በውጭ በኩል፣ እያቀያየርሽ አሥር ቦታ ንኪ። በቅደም ተከተል አትሂጂ፣ ይገምታሉ። አንዳንዴ ሳትነኪያቸውም «አሁንስ?» በይ። ጥጡን ከሹሉ በትክክል ከለዩ ጉልበታቸው ላይ መለጠፍ ይቻላል። ካምታታቸው ወይም «ምንም» ካሉ ተዪው፣ ወደ ባለሙያ ሂዱ። እግረ መንገድሽን ጣቶቻቸውንም ፈትሺ። ጣቶቹ ደንዝዘው ካገኘሽ ለስኳር ሐኪማቸው መንገር አለብሽ፣ ጫማቸውንም በየቀኑ ከማድረጋቸው በፊት በእጅ ዳብሰሽ ማየት ትጀምሪያለሽ።

እሺ፣ አሁን አለጣጠፉ። ፓድ የምልሽ እንደ ፕላስተር የሚለጠፉትን ቁርጥራጮች ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ ከሥራቸው የሚያጣብቅ ጄል አላቸው። ጉልበቱን በሳሙናና በውሃ ታጠቢላቸውና በደንብ ታደርቂዋለሽ። ቫዝሊን፣ ቅባት፣ ቪክስ፣ ምንም እንዳይኖር። የዲክሎፌናኩን ቅባት የሚቀቡ ከሆነ ማሽኑ ካለቀ በኋላ ይቀቡት። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ገመዱን ከፓዶቹ ጋር አገናኚ። አራት ፓድ ካለው አንዱን ከሎሚው በላይ ወደ ውስጥ፣ አንዱን ከላይ ወደ ውጭ፣ ሌሎቹን ሁለት ደግሞ ከታች በውስጥና በውጭ ትለጥፊያለሽ። ከአንድ ገመድ የሚወጡት ሁለቱ ፓዶች በሰያፍ ይተያዩ፣ የላይኛው የውስጥ ከታችኛው የውጭ ጋር፣ ሌላው ገመድም እንደዚያው በተቃራኒው። ጉልበቱ ላይ ኤክስ የጻፍሽ ያህል ነው። ሁለት ፓድ ብቻ ካለው አንዱን በውስጥ በኩል፣ አንዱን በውጭ በኩል፣ ሎሚው መሃላቸው እንዲሆን። ሎሚው ራሱ ላይ አትለጥፊ። ፓዶቹም እርስ በርስ አይነካኩ፣ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ይራራቁ።

እነዚህ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሥራ አላቸው። አንዱ ቴንስ ነው፣ ሌላው ኢ.ኤም.ኤስ. ይባላል፣ እሱ ጡንቻ የሚያኮማትር ነው። እናትሽ የሚያስፈልጋቸው ቴንሱ ነው። ፍጥነቱን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ምት እንደሚሰጥ፣ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አድርጊው። የምቱን ስፋት ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ሰከንድ። ማሽኑ ቁጥር የማያሳይና «ፕሮግራም 1፣ 2፣ 3» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነዝረውን ምረጪ፣ እንደ ልብ ምት ቱክ ቱክ የሚለውን ለጊዜው ተዪው።

የኃይሉ መጠን ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ትንሽ ውርር ሲል «በቃ፣ ተሰማኝ» ብሎ ያቆማል። ያ አይበቃም። ጠንከር ያለ፣ ግን የማያም፣ የሚመች መሆን አለበት። ከዜሮ ተነሺ፣ አንድ አንድ እያልሽ ጨምሪ፣ ፊታቸውን እያየሽ። ካመማቸው፣ ከወጋቸው፣ ወይም ጡንቻው ከተኮማተረ አንድ ሁለት ዝቅ አድርጊ። ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ጠፋ እኮ፣ ቆመ መሰለኝ» ይሉሻል። አልቆመም፣ ነርቩ ለምዶት ነው። ያኔ ትንሽ ጨምሪላቸው። ስኳር ስላለባቸው ግን አንድ ወሰን እንያዝ፤ ጤነኛው ክንድሽ ላይ አንቺ ጠንከር ብሎ ከተሰማሽ ቁጥር በብዙ አልፈሽ እንዳትሄጂ። በዚያ ቁጥር ካልተሰማቸው አቁሚ።

ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። በቀን ሁለቴ ቢሆን ጥሩ ነው። ሲጨርሱ መጀመሪያ ወደ ዜሮ መልሺ፣ አጥፊ፣ ከዚያ ፓዱን ከጠርዙ ያዢና ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ገመዱን አትጎትቺ። ቆዳውን እይው። ትንሽ መቅላት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ካሳከካቸው፣ ካበጠ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ አትድገሚው።

ስለ ቡናም ልንገርሽ፣ ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ቅር ይለዋል። በ1995 የወጣ ትንሽ ጥናት አለ፣ 200 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ላይ ቴንስ ህመም የማስታገስ ኃይሉ ቀንሶ ታይቷል። ካፌይን የሚዘጋው መንገድ ቴንስ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ስለሆነ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ቡና ተዉ አልልም። ግን አቦል ቶና በረካ ጠጥተው ከመለጠፍ፣ ጠዋት ተለጥፈው ጨርሰው ከዚያ ቡናው ቢፈላ ምን ይጎዳል? እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው እንደዚያ ነው።

ቻርጅ የሚደረግ ማሽን ከሆነ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እያለ ሰውነት ላይ አይለጠፍ። ይሄንን በደማቁ አስምሪበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ምን ኃይል ይዞ እንደሚመጣ እናውቀዋለን፣ ስንት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አቃጥሏል። ሞልቶ ይነቀል፣ ከዚያ ይለጠፍ። እንጀራ እየጋገሩም አይጠቀሙበት። ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እንፋሎት፣ እርጥብ እጅ፣ በላዩ የሰውነት ላይ ገመድ፣ ይሄ አብሮ አይሄድም። ገላ ሲታጠቡ፣ ፀበል ሲጠመቁ፣ ሲተኙም ይነሳ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልመለስ፣ ሠላሳ ደቂቃዋን ምን ይሥሩባት? የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አረፍ ይበሉ፣ ህመሙ ቀለል ይበል። ከዚያ ፓዱ እንደተለጠፈ፣ እግራቸውን አልጋው ላይ ዘርግተው ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አስገቢላቸው። ጋቢውን በጉልበታቸው ወደ ታች ይጫኑት፣ ጭናቸው ጥብቅ እስኪል። እጅሽን ከሎሚው በላይ ብታስቀምጪ ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማሻል። አምስት እስክትቆጥሪ ይያዙ፣ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ። ትንፋሻቸውን እንዳይዙ፣ ግፊት አለባቸው፣ ጮክ ብለው ቢቆጥሩ ትንፋሽ አይያዝም። ከዚያ ጋቢውን አውጪና እግራቸውን ቀጥ አድርገው አንድ ስንዝር ያህል ያንሱ፣ ያውርዱ። ሦስተኛው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፣ ከፍ ካለ ወንበር፣ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ደግፈው። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢችሉ ሦስት ይበቃል። በሳምንቱ አምስት ይሆናል። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይካፈላል፣ ለጉልበት ህመም ከማውቀው ሁሉ የማምነው ይሄንን ነው፣ ከማሽኑም ከኪኒኑም በላይ። ያለ ማሽኑ ስላመማቸው ነው የማይሠሩት፣ ማሽኑ ያንን መሰናክል ያነሳል።

ዱካዋን ከምጣዱ ፊት አንሺያት እባክሽ። ጉልበት እስከ መጨረሻው ታጥፎ ለሰዓታት መቀመጥና ከዚያ ዝቅታ መነሳት ነው በየቀኑ የሚያቆስላቸው። ምጣዱን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ እሳቸው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ወይም ቆም ቀመጥ እያሉ ቢጋግሩ፣ አንዳንዴ ይሄ ብቻውን ከማሽኑ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። «ጊዮርጊስን መሳም አቃታት» ብለሽ የጻፍሽው ልቤን ነክቶኛል። ምርኩዝ ይያዙ፣ ግን በግራ እጃቸው፣ የሚያማቸው ቀኙ ስለሆነ። ሰው ሁሉ ከሚያመው እግር ጋር በአንድ ወገን ይይዛል፣ ልክ አይደለም፣ በተቃራኒው ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህናውን እግር ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ የሚያመውን። ቅዳሴ ላይ ደግሞ ረጅም ሰዓት ቆሞ ከመታመም ትንሽ ቁጭ እያሉ መነሳት ነውር የለውም።

ወንድምሽ «ሳይንሱ ይደግፈዋል» ያለው እውነት ነው ወይ ብለሻል። በ2022 ቢ.ኤም.ጄ. ኦፕን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ግምገማ 381 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ማሽኑ እየሠራ እያለና ወዲያው እንደቆመ ህመም ይቀንሳል፣ ከባድ ጉዳትም አልተመዘገበም ብሏል። በሌላ በኩል ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ በ2016 ለወገብ ህመም ቴንስ አትስጡ ብሏል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላል፣ እኔ ግን አይጋጩም እላለሁ። አንደኛው የሚጠይቀው «አሁን፣ ተለጥፎ እያለ ይቀንሳል ወይ?» ነው፣ ሌላኛው «ከሳምንታት በኋላ ሰውየው ተሻለው ወይ?» ነው። ለዚህ ነው ማሽኑን ብቻውን እንደ ሕክምና የማልሰጠው። ደግሞም በብዙ ጥናቶች ላይ ኃይሉ በጣም ዝቅ ተደርጎ ነው የተሰጠው፣ እንደዚያ ሲሆን ባይሠራ አይገርመኝም።

በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቁጥር ከተጠቀሙ ሰውነት ይለምደዋል፣ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ፍጥነቱን ቀያይሪ፣ አንድ ቀን 100፣ አንድ ቀን ወደ 4 ኸርዝ ዝቅ አድርጊው፣ ያ ቱክ ቱክ የሚለው ማለት ነው፣ በዚህኛው ጡንቻው ትንሽ ቢዘል ችግር የለውም። ፓዶቹን ከተጠቀማችሁ በኋላ በመጡበት ፕላስቲክ ላይ መልሳችሁ ለጥፉ፣ ፌስታል ውስጥ ዝጉ። ሲደርቁ በጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ውሃ ቀቢያቸው። ጠርዛቸው መነሳት ሲጀምር ግን ጨርሰዋል፣ በፕላስተር ደግፎ መጠቀም አይሆንም። ከፓዱ ግማሹ ብቻ ቆዳ ሲነካ ኮረንቲው በዚያች ግማሽ ላይ ይከማቻል፣ ያ ነው የሚያቃጥለው።

ላንቺ ለወር አበባው፦ አዎ፣ ይሠራል፣ ለብዙ ሴቶች ጥሩ ነው። ፈጣኑን፣ ወደ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ከእምብርትሽ በታች ግራና ቀኝ ወይም ወገብሽ ላይ ለጥፊ። እርጉዝ አለመሆንሽን እርግጠኛ ሁኚ። የእናትሽን ፓድ አትጠቀሚ፣ የራስሽን ለይተሽ ግዢ። ህመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ፣ ሥራ እያስቀረሽ ከሆነ ግን የማህፀን ሐኪም ይይሽ፣ በማሽን አትሸፍኚው።

ለእናትሽ ማሽኑን አስቀምጠሽ ወደ ሐኪም የምትሮጪባቸው ምልክቶች አሉ። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ካላቸው። ባታቸው በአንድ ወገን አብጦ ካመማቸው። ወድቀው እግራቸውን መርገጥ ካልቻሉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ። እነዚህ የማሽን ሥራ አይደሉም።

አንድ ደብተር አዘጋጂ። ከመለጠፍሽ በፊት «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ጻፊ። ሲነሳም ጠይቂ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ጠይቂ። ከጎኑ ያን ቀን ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሱ ጻፊ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጊ። ቁጥሩ ቢያንስ በሁለት ካልወረደ ለእሳቸው አልሠራም ማለት ነው፣ እንደዚያ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፣ አታስገድጃቸው፣ እንቅስቃሴውን ብቻ ቀጥሉ። ማሽኑ ላይ የተጻፉት ፊደሎችና ቁልፎች ግራ ካጋቡሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ በአማርኛ ጽፌ እመልስልሻለሁ፤ የጥጥና የስንጥሩን ፈተና ውጤትም አብረሽ ጻፊልኝ።